ልምምድ ነው አልኩት

ወደ ትወና የገባሁት ወድጄ አልነበረም። ዳንግላ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የቀበሌያችን ካድሬ በስብሰባ ላይ ግጥም ሳነብ ሰማኝና «ከነገ ጀምሮ ኪነት ቡድኑ ውስጥ ነሽ» አለኝ። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ጊዜ ስለነበር እምቢ ማለት አይታሰብም።

የገዛ ልጇን ለአብዮት ጠባቂ አሳልፋ የምትሰጥ እናት ሆኜ እንድጫወት ተመደብኩ።

ቲያትሩን ያሳየነው እሑድ ከሰዓት ነው። የቀረ ሰው ስሙ ስለሚያዝ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጎረቤታችን ተቀምጠዋል፤ ከቆሰበር ገጠር የመጡ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት። አንድ ልጃቸውን በዚያው ሳምንት አብዮት ጠባቂዎች ገድለው መንገድ ዳር ጥለውት፣ በጋሪ የሚያልፍ ሁሉ እያየው ውሏል። እናትየው እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል።

«ይህ ልጄ አይደለም፤ ውሰዱት!» ብዬ ጮህኩ።

ሴትዮዋ ብድግ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። በትውልድ ቋንቋቸው በአዊኛ ያሉኝ አልገባኝም፤ ጡጫቸው ሲያርፍብኝ ግን የአፍንጫዬ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት። ፀጉሬን ይዘው ደፉኝና ፊቴን ከጣውላው ጋር አንዴ፣ ሁለቴ አጋጩት። አንድ አብዮት ጠባቂ ሮጦ ወጥቶ በጠመንጃ ሰደፍ ጎናቸውን መታቸው። ሲወድቁ በከስክስ ጫማው ይረግጣቸው ጀመር።

ካድሬው ከወንበሩ ሳይነሳ «ቀጥይ!» አለኝ።

ቀጠልኩ። እሳቸው እግሬ ሥር እየተረገጡ፣ እኔ ደሜን እየዋጥኩ፣ «ይህ ልጄ አይደለም» አልኩ። ተጨበጨበ። ካድሬው በጣም ደስ ብሎት ደብረ ማርቆስ ለሚደረገው የኪነት ቡድኖች ውድድር መረጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ጎናቸውን በጨርቅ ጠፍረው መደብ ላይ ተኝተዋል።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አፍንጫሽ ዳነ?»

«እየዳነ ነው።»

«እንግዲያ አጥብቄ አልመታሁሽም።»

አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«እኔ ካለቀስኩ ይወስዱኛል። አንቺ ግን ቲያትር ነው ብትያቸው ያምኑሻል። ነይ፣ ልጄን አልቅሺልኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አረማመዱን፣ አሳሳቁን፣ እንጀራ ሲቀርብለት የሚለውን በሹክሹክታ ይነግሩኛል፤ እኔ ደረቴን እየደቃሁ አለቅሳለሁ። ስሙን ብቻ ጮክ ብዬ አልጠራሁም። ብዙም ሳንቆይ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። በሰደፍ የመታቸው ያው አብዮት ጠባቂ ነበር።

«ማነው የሚያለቅሰው?»

«ልምምድ ነው ጓድ፤ ለደብረ ማርቆሱ ውድድር» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝና በጥፊ አጮለኝ። አፍንጫዬ እንደገና ደም ተፋ። «አዳራሽ ሄደሽ ተለማመጂ!» ብሎ ወጣ።

ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ገና አልጨረስንም፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው» አሉኝ። ያን ቀን እስኪመሽ አለቀስኩላቸው።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንደኛ ወጣሁ። ከዚያ አዲስ አበባ አንድ ቲያትር ቤት ተቀጠርኩና ዕድሜዬን መድረክ ላይ ጨረስኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠኝም የእናት ሚና ነበር። የሴትዮዋን መሞት ዘግይቼ ሰማሁ፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም።