ለአራስ የመጣ ዱቄት

የእህቴ አማት ከደብረ ብርሃን ባሕር ተሻግረው ሮውሌት፣ እኛ ቤት ድረስ የመጡት፣ እህቴ ስትወልድ ሊያርሷት ነበር። ሻንጣቸው ግማሹ የገንፎ ዱቄት፣ ግማሹ ቅቤ ነው። «ልጅ ሳይወለድ ማንም እንዳይነካው» ብለው ዱቄቱን የኩሽና ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀሉት። እኔ ፋርመርስ ብራንች ከተማ መጋዘን ስሠራ ውዬ እርቦኝ ስመጣ ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር።

ያጣላን ግን ቴሌቪዥኑ ነው። ስለ ስቴታችን የጽንስ ማቋረጥ ክልከላ ሲወራ እኔው ተርጉሜላቸው፣ እኔው እጣላለሁ። «ደግ አደረጉ! ነፍስ የሰጠ እሱ፣ የሚወስድም እሱ» ይላሉ። አፌ አያርፍም፤ «እማማ፣ የሐኪሙ እጅ ከታሰረ ለእናቲቱ ማን ይድረስላት?» እላለሁ። እህቴ ሆዷን ይዛ ትስቅብናለች።

አምስት ወር ሳይሞላት የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ባሏ በከባድ መኪና ሌላ ስቴት ነበር። ከሆስፒታል ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ልጁ አይተርፍም አሉኝ። ግን ሃርትቢት ስላለው፣ ልቡ ስለሚመታ፣ በሕጉ ምንም አናደርግም፣ ፊቨር ከያዘሽ ተመለሽ አሉ። ሶ እስክታመም ልጠብቅ ማለት ነው?» አለችኝ። ንዴት አስለቀሰኝ። ክልከላው የሌለበት ኒው ሜክሲኮ ወዳለ ክሊኒክ ደወልኩ፤ ኑ አሉን።

ለአማቷ መንገር ፈርቼ ነበር። ስነግራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናው የኋላ ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ እርስዎ አያምኑበትም እኮ» አልኳቸው።

«አንቺ መኪናሽን ንጂ፤ እኔ ግንባሯን እይዛለሁ።»

ያን ሁሉ መንገድ የእህቴ ራስ ጭናቸው ላይ፣ እጃቸው ግንባሯ ላይ ነበር። «ትኩሳት የለም፣ ንጂ» ይሉኛል በየመሃሉ። ትኩሳቱ ሳይቀድመን ደረስን። እህቴ ተረፈችልኝ።

ቤት ስንመለስ ሁላችንም ቃል አጠረን። ለወለደች የሚባለው ይታወቃል፤ ለሐዘንተኛም የሚባለው ይታወቃል። ለእሷ ምን ይባላል? የደወለው ሁሉ ስለ ዝናቡ አውርቶ ዘጋ። እኔ አፈኛዋ እንኳን ትራሷን ሳስተካክል ዋልኩ።

አማቷ ኩሽና ገብተው ዱቄቱን አወረዱት። ገንፎውን አገንፍተው፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤ ሞሉበትና ይዘውላት መጡ።

«ይሄ ለአራስ አይደል እንዴ?» አለች እህቴ።

«ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?» አሉና ጉንጯን ሳሟት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።»

«አሜን» አለች። እያለቀሰች በላች። የተረፈውን እኔ ጨረስኩት።

ስለ ሕጉ ዛሬም እንጣላለን። ትናንት ቴሌቪዥኑ ላይ ሆስፒታል የመለሳት አንዲት ሴት ስትናገር ነበር። እኔ ለሙግት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ እማማ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

«ቆይ እስቲ» አሉኝ፤ «ግንባሯን የሚይዝላት ሰው ነበራት?»