አጎቴ ያላላው ባቲ

ሰሞኑን ሐይቅ ከተማ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ክራሩን በስልኩ መቃኛ ሲቃኝ አየሁና አጎቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ የክራር ተጫዋቹን አጎቴን ጣቶች ሕመም አደረቀበትና በየዘፈኑ ቅኝት መቀየር አቃተው። ስለዚህ ሁለት ክራር በአንድ ሳንቃ ላይ አጋጠመ፤ አንደኛውን በአምባሰል፣ ሌላኛውን በባቲ ቃኘ።

ሚስቱ በሞተች ሰሞን ልጠይቀው ስገባ፣ የባቲው ጅማቶች ረግበው ሳንቃው ላይ ተኝተዋል።

«ምነው አጎቴ፣ ለምን አላላኸው?» አልኩት።

«አምባሰሉን በጆሮዬ እደርስበታለሁ፣ ልጄ። ባቲን ግን ቅኝቱ በወረደ ቁጥር እሷ ስታዜምልኝ ነበር የምቃኘው። አሁን ድምፁን ከወዴት ላምጣው?»

ዜማዋን አውቀው ነበር። ላዜምለት አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬም ባቲን የማዜመው ብቻዬን ስሆን ነው።