የሀርሺኖቹ መንትዮች ምራቅ

እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት የምታስረዳው «ምራቅ ትሰበስባለች» እያለች ነው። አልዋሸችም። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከሄድኩ ጀምሮ የማጠናው አንዱን ሰው ሲጋራ አንቆ ይዞ ሌላውን ለምን እንደሚምረው ነው። ከዘረመል ነው ወይስ ከልማድ? ይህን ለማወቅ ደግሞ ምራቅ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ሀርሺን በምትባል የሶማሌ ክልል ከተማ ውስጥ ቁርጥ አንድ የሆኑ መንትያ የግመል ነጋዴዎች እንዳሉ ሰማሁ። አንደኛው ሲጋራ ከአፉ አይለይም፤ ሌላው ነክቶም አያውቅ። ለእኔ ቢጤ ሎተሪ ነው፤ ዘራቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል። ነጋ አልነጋ ብዬ ሄድኩ።

አጫሹ ሳያንገራግር የምራቅ መሰብሰቢያው ቱቦ ውስጥ ተፋልኝ። ወንድሙ ግን ተግደረደረ።

«መንትያ አይደለን? የሱ ይበቃል» ይላል ብሎ ሾፌራችን ተረጎመልኝ።

ገበያው ዳር ሻይ የምትሸጠው የማያጨሰው ሚስት ከወታደሮች የለመደችው አማርኛ አላት። «ቆይ ዶክተር፣ አሁን ይተፋል» አለችኝና በሶማልኛ አንድ ነገር ወረወረችበት። ወዲያው ተፋ።

«ምን አልሽው?»

«ምራቅህን ልትሸጠው ነው ወይ አልኩት።»

ናሙናው አዲስ አበባ ተመርምሮ ውጤቱ መጣ። ኒኮቲን በሰውነት ሲያልፍ ምራቅ ላይ ምልክት ይተዋል። አጫሹ ላይ ምልክቱ አለ። የማያጨሰው ላይም አለ፤ እንዲያውም ይብሳል! ቢሮዬን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ለጥናቴ አዘንኩ።

ለሁለተኛው ዙር ስንመለስ ሚስቱ ሻይ እየቀዳችልኝ «የባሌ ምራቅ ምን አለ?» አለችኝ።

«ውጤቱ ምስጢር ነው እህቴ» አልኩ እንደ ደንቡ።

ፊቴን አየችው። ፊቴ ዲግሪ የለውም፤ ምስጢር መያዝ አልተማረም። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ባሏ ወዳለበት ከብት ተራ ዞረችና ገበያተኛው ሁሉ ቀጥ እስኪል ጮኸች።

«ምን እያለች ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«ይሄንንስ አልተረጉምም» አለኝ።

ባልየው ለወራት ሰላምታ ነፈገኝ። ወንድሙ ግን በሄድኩ ቁጥር የግመል ወተት ያቀርብልኛል፤ የአጫሽነትን ስድብ ብቻውን ከመጠጣት ገላግዬዋለሁ። መንትዮቹን ከጥናቱ ሰረዝኳቸው። ባልየው የሚደብቀው ነገር ስላለቀበት አሁን በረቱ ጥግ ከወንድሙ ጋር ተቀምጦ በግላጭ ያጨሳል። ሰው ሲጋራ እንዲተው ስደክም፣ ሀርሺን ላይ ያተረፍኩት ይህንን ነው።