እልልታ የሚያርፍበት ስንኝ

ለሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ዜማ ማውጣት የጀመርኩት ከመምህርነት በጡረታ ተሰናብቼ ወደ ሰቆጣ ከተመለስኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ ጥቂት ዓመታት ዜማ ቤት ቆይቻለሁ፤ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን የለየሁት እዚያ ነው። «ዜማ አወጣለሁ» የሚለውን ቃል ግን በጥንቃቄ ነው የምጠቀምበት። ከማወጣው ዜማ ምን ያህሉ የራሴ፣ ምን ያህሉ በልጅነቴ ጆሮዬ ውስጥ የቀረ እንደ ሆነ ዛሬ መለየት አልችልም።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ እኛው ዝቋላ ወረዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ደብር አለ። የደብሩ መሪጌታ አንድ ቀን አስጠሩኝ። ስደርስ አጠገባቸው የመዘምራኑ መሪ ቆማ ነበር፤ በሆስፒታል ካርድ ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት።

«እነዚህ ልጆች በየዓመቱ አዲስ መዝሙር ያመጣሉ» አሉ መሪጌታው። «እነሱ ይዘምራሉ፤ ሕዝቡ ቆሞ ያያል። ይህ ትርኢት እንጂ ምስጋና አይደለም። ዘንድሮ በንግሡ ዕለት እናቶች አብረው ካልዘመሩ፣ ከእንግዲህ አዲስ ዜማ እዚህ ደብር አይገባም።»

ምናልባት ከዚህ በለዘበ ቃል ተናግረው ይሆናል። ልጅቱ ግን ዓይኗን ከመሬት አለማንሣቷን አስታውሳለሁ። መዘምራኑን ያሰባሰበቻቸው እርሷ ናት፤ ግማሾቹ ለሥራ ወደ ወልድያና ወደ ዓረብ አገር ሄደውባታል። መዝሙሩ ከቀረ የተረፉትም እንደሚበተኑ ታውቅ ነበር።

ግጥሙን እርሷ ጽፋዋለች፤ አራት ስንኝ ነው። እኔ በአራራይ አስኬድሁት። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲወርድና ረዘም አድርጎ እንዲያርፍ አደረግሁ። ይህን ዓይነቱን ዕረፍት ከየኔታ የተማርኩት ይመስለኛል፤ ይሁንና ለራሴ መኩሪያ ብዬ የእርሳቸው ነው ያልሁት ሊሆንም ይችላል። ከዜማው ሁሉ አብልጬ የወደድሁት ይህንኑ ቦታ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ የተደረገው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እናቶች በደቡብ በኩል፣ በጥዱ ጥላ ሥር ቆዩልን። መዘምራኑ ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሰው ድምፁ ሲወርድ እልልታው ቀለጠ። በእኛ አገር ድምፅ እንደዚያ ወርዶ ካረፈ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምስጋና ነው። ሦስተኛው ስንኝ በእልልታው ተዋጠ፤ መዘምራኑ እንደገና የተሰሙት አራተኛው ላይ ሲደርሱ ነው።

«ሦስተኛውን ስንኝ ማን ወሰደው?» አሉ መሪጌታው።

ልጅቱ ወደ እናቶች ዞረች። «እናቶቼ፣ እባካችሁ እጄን ሳነሣ ብቻ እልል በሉ።»

«እልልታ እንደ ባጃጅ በእጅ ይቆማል እንዴ፣ ልጄ?» አሏት አንዲት አሮጊት።

ጎናቸው የነበረችው ሴት በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ሁሉም ሳቁ። ልጅቱ ከተማ ያደገች በመሆኗ ኽምጣኛ አትሰማም፤ ወደ እኔ ተመለከተች።

«ምን አሉኝ፣ መምህር?»

«እንግዲያው ትኬትም ቁረጪልን ነው የሚሉሽ» አልኳት። ከዚህ የጠነከረ ነበር፤ ለዘብ አድርጌ ተረጎምኩላት።

ጥፋቱ የእናቶች ሳይሆን የዜማው መሆኑን ተቀብዬ፣ በሳምንቱ የሁለተኛውን ስንኝ መጨረሻ ወደ ላይ አነሣሁት። የወደድሁት ዕረፍት በዚሁ ቀረ። በዚህኛው ልምምድ ሦስተኛው ስንኝ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ እናቶች ግን በመካከሉ እልልም አላሉም፣ አልዘመሩምም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆሙ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» ብዬ አሮጊቷን ጠየቅኋቸው።

«ያለቀ አልመሰለንማ፣ መምህር። ሰው እየተናገረ ይገባበታል?»

ያን ዕለት አንድ ነገር አስተዋልሁ። መዝሙሩ በሙሉ ሲያበቃ እናቶች እልል አሉ፤ እልልታው ሲበርድም ጥቂቶቹ የመጨረሻውን ስንኝ ለራሳቸው ማንጎራጎር ቀጠሉ። ድምፃቸው የሚከፈተው ከእልልታው በኋላ ነበር። እኛ ደግሞ ይህንኑ በር ስንዘጋ ሰንብተናል።

ስለዚህ ዕረፍቱን ወደ ቦታው መለስሁት። ከእርሱ በኋላ መዘምራኑ ዝም እንዲሉ፣ እልልታው እስኪያልቅም ከበሮው ብቻ እንዲመታ ሐሳብ አቀረብሁ።

«እስኪያልቅ? ካላለቀስ?» አለች ልጅቱ።

«ትንፋሽ ያልቃል።»

«ከበሮ መቺው ብቻ እንዳያንቀላፋ» አሉ መሪጌታው። አዲስ ዜማ አይገባም ያሉትን ግን አላነሡላትም።

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሊቃውንቱ ወረቡን ካደረሱ በኋላ ተራው የመዘምራኑ ሆነ። ሁለተኛው ስንኝ ወርዶ አረፈ፤ እልልታው ተነሣ፤ መዘምራኑ ዝም አሉ። ከበሮው ብቻ ሲመታ ቆየ። ምን ያህል እንደ ቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ረዝሞብኛል። ልጅቱ ሦስተኛውን ስንኝ ልትጀምር ትንፋሽ ስትስብ አየኋት። ከእርሷ በፊት ግን ከደቡብ በኩል ጀመሩት።

እናቶች ያነሡት ከእኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ መጨረሻውንም እኛ ባላሰብነው መንገድ አዙረው አስረዘሙት። መዘምራኑ ለአፍታ ተደናገሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን አውርደው ተከተሏቸው። ወንዶቹም ገቡበት። መሪጌታው በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ታቦቱ ከገባ በኋላ ልጅቱን ጠርተው፣ «የከርሞውን ግጥም ጀምረሻል?» ብለው ጠየቋት።

እርሷ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። «ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው አድርገው ይበሉልኝ፣ መምህር። ልጆቹ የእናቶቹን ሳይለምዱ ላርም።»

ሞከርሁ። የወጣልኝ እናቶች ያዜሙት ነው። እንደገና ጀመርሁ፤ አሁንም ያው ሆነ። የራሴን ዜማ ስፈልግ የእነርሱ እየቀደመ ይመጣብኛል።

«የእኔው ጠፍቶኛል» አልኳት። «እነርሱን ጠይቂ።»

ልታሾፍብኝ የፈለገች መሰለኝ፤ ግን ተወችው። እናቶች ከጥዱ ሥር ዳቧቸውን እየቆረሱ ነበር። አሮጊቷ ስትመጣ አይተው ጠጋ አሉላትና፣ «ነይ፤ መጀመሪያ ቅመሺ» አሏት። ልጅቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከመካከላቸው ተቀመጠች።