ዘኑ ሳትቀባው የሄደችው ፀጉር

እማዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሻሿን አወለቀች። ሌላ ሰው ቤት ይሄ ወሬ አይሆንም፤ እኛ ቤት ግን ከዚህ የበለጠ ወሬ የለም። ሰኞ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። የእማዬን ፀጉር አገኘሁ ብለው ምን ይገባዋል? የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እስክሪብቶ መፍራት ትቻለሁና፣ ለሾፌሩ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

ልጅ እያለሁ ቅዳሜን የማውቃት በተልባ ሽታ ነበር። የእማዬ ታናሽ እህት ዘነበች ከኦቾሎ ወርዳ እኛ ጋ ትኖር ነበር፤ ሁላችንም ዘኑ ነበር የምንላት። ብርድ አገር ስላደገች የሰፈራችን የሲቀላ ሙቀት አልተስማማትም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትነጫነጭ ትከርማለች። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነበረች። በጠዋት ተነስታ ተልባ ትቀቅላለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሙለጨለጨውን በጣሳ ታቀዘቅዘዋለች። ለጋ ቅቤ በሲኒ ታዘጋጃለች። ሌላው ዕቃዋ ሰማያዊ ክዳኑን በጋለ መርፌ የበሳሳችው የውሃ ፕላስቲክ ነው። እሱን ገልብጣ ስትጨምቀው ውሃው እንደ ካፊያ አናቴ ላይ ይወርዳል፣ በአንገቴ ገብቶ ጀርባዬን ያሳክከኛል።

በረንዳው ላይ፣ የማንጎው ጥላ የሚደርስበት ቦታ፣ እሷ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ሰሌኑ ላይ ሆኜ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሀል አስገባለሁ። ተራው አይለወጥም። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ተልባ፣ መጨረሻ ቅቤ። አንድ ቀን ለጨዋታ ቸኩዬ ውሃው ይቅርና ቅቤውን ብቻ ቀቢኝ ብላት ጆሮዬን ይዛ፣ «ቅቤ ውሃ አይደለም ሊዱ፤ የውሃ ክዳን ነው። ባዶ ድስት ትከድኛለሽ?» አለችኝ። ስትጨርስ ማበጠሪያዋን ፕላስቲኩ ላይ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ተነሺ፣ ቀጣይ ይምጣ ማለቷ ነው።

ቀጣይዋ ሁልጊዜ እማዬ ነበረች። የእማዬ ፀጉር ያኔ ማበጠሪያ የሚሰብር ነበር። ዘኑ ጣቶቿን ሰድዳ፣ «ይሄ ፀጉር ነው የላንቴ የሙዝ እርሻ? ከገቡ መውጫው አይታይም» ትላለች። እማዬም ዓይኗን ጨፍና፣ «ዝም ብለሽ ሥሪ» ትላታለች። በየሳምንቱ ያንኑ ይባባላሉ፣ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ይሳሳቃሉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የቅቤውን ሲኒ በጣቴ እጠርጋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ዘኑ የእማዬን ፀጉር አረጠበች፣ ተልባውንም ሥሩ ድረስ አዳረሰች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። በዚያ ሙቀት ትንቀጠቀጥ ጀመር። ወባ ናት፣ እኔና እሷ እንተዋወቃለን፣ ትለቀኛለች ብላ ሳቀች። ጋቢ ይዛ ወደ ውስጥ ስትገባ በሩ ላይ ዞር ብላ ለእማዬ፣ «ቅቤውን ነገ እቀባሻለሁ፤ እንዳትነኪው» አለቻት።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዷት። ሳምንቱ ሳያልቅ ወደ ኦቾሎ ይዘናት ወጣን፤ እዚያው ጭጋጉ ውስጥ ቀበርናት። ስንመለስ የቅቤው ሲኒ መስኮቱ ላይ ነበር። ቀን ይቀልጣል፣ ጠዋት ይረጋል፤ ማንም አልነካውም፣ በመጨረሻ ሻግቶ ተደፋ። አጠገቡ የነበረውን ፕላስቲክ ግን ማንም አላነሳውም። ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረው።

ያ ውሃ መጉደል ጀመረ። ልጅ ነኝና በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ይጎድላል፣ ይጎድላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሞልቶ አገኘዋለሁ። የሞላው ማነው? አባዬ ከላንቴ ሙዝ ሲጭን የሚውል ሰው ነው፣ ፕላስቲኩ መኖሩንም አያውቅ። እማዬ ደግሞ በዚያ መስኮት በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ስለዚህ ዘኑ ናት አልኩ። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ እሷ መሰለችኝ፤ ንፋስ በሩን ሲገፋው እሷ መሰለችኝ። እፈራ ነበር፤ እንዳትቀርም እፈራ ነበር። ብትመጣ እንዳትፈልገው ብዬ ማበጠሪያዋን ፕላስቲኩ አጠገብ አስቀመጥኩላት።

በእኛ ዘንድ ሐዘን ሲወጣ ዘመድ መጥቶ ጥቁሩን ያወልቃል፣ አናት ላይም ቅቤ ያኖራል። ጊዜው ሲደርስ የእማዬ አክስት እትዬ አስቴር ከኦቾሎ ዘመዶቹን አስከትለው መጡ። ሻሿን ፈተው፣ መርቀው፣ አንድ እፍኝ ቅቤ ደረቅ ፀጉሯ ላይ አኖሩ። እማዬ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ አሜን አለች። እንግዶቹ መንገድ ሳይጨርሱ በልብስ ሳሙና አጥባ አወጣችውና ሻሿን መልሳ አሰረች። ከዚያ በኋላ አባዬ ለመናት፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ጸለዩ፤ ሁሉንም እሺ ትላለች፣ ሻሹ ግን አይወርድም።

አንድ ቀን መምህር ቀርቶ በጊዜ ተለቀቅን። በጓሮ በኩል ስገባ እማዬ ሻሿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፕላስቲኩን አናቷ ላይ ትጨምቃለች። የዘኑን ውሃ። አየችኝ፤ አልደበቀችውም። «አረጥባዋለሁ እንጂ አልቀባውም» አለችኝ፣ ከእኔ ይልቅ ለፕላስቲኩ የምትናገር ይመስል። «ቅቤው የእሷ ነው። ነገ ብላኛለች።»

መንፈስ አለመሆኑን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ከመንፈስ የባሰ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ እማዬ እዚያች ቅዳሜ ላይ ቀርታለች፣ ተልባ የጠጣ ፀጉሯን ይዛ ትጠብቃለች። ፀጉሩ ግን አልጠበቃትም። ክዳን የሌለው ውሃ ይተናል፤ ተኖም የነበረውን ይዞ ይሄዳል። ከዓመት ዓመት ጠዋት ጠዋት ትራሷ ላይ የተሰባበረ ፀጉር እንደ ጭድ እየለቀምኩ አደግሁ። ጨርሶ ሳያልቅ አንድ ሰው እንዲከድነው እመኝ ነበር። እኔ ልሁን ለማለት ግን አፌ አልደፈረም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችንን ልጅ ሶስናን በረንዳው ላይ ፀጉር እሠራት ነበር። የገዛሁት የውሃ መርጫ ተደፈነብኝና ሳላስብ የዘኑን ፕላስቲክ ከመስኮቱ አነሳሁ። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፤ ክዳኑ ግን ያው ሰማያዊ ነው። አረጠብኩ፣ ክሬም አዳረስኩ፣ የሺፈራው ዛፍ ዘይት ቀባሁ። ስጨርስ እጄ በራሱ ማበጠሪያውን ፕላስቲኩ ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገው።

ከውስጥ እማዬ፣ «ዘኑ?» አለች።

ሶስና ቀና ብላ አየችኝ። እማዬ በሩ ላይ መጣች፤ እኔን አየች፣ እጄን አየች፣ ፕላስቲኩን አየች። ትቀማኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሻሿን ፈታ የበሩ እጀታ ላይ ሰቀለችው፤ ሶስናን በእጇ ፈቀቅ አድርጋ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ነገ ብላኝ ነበር» አለች። «ይኸው ነገ ሆነ በይ።»

አረጠብኳት። ተልባው የት አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ አሁን በክሬም ነው ስላት ይሁን አለች። ጣቶቼን ስሰድ በገቡበት በኩል ወጡ። እሷም ገብቷት፣ «አሁን መውጫው ይታያል፣ አይደል?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ሳቄ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። ዘይቱን መዳፌ ላይ አሙቄ ከጫፍ ወደ ሥር ስቀባት ለጋ ቅቤ ሸተተኝ። ቤታችን ውስጥ ቅቤ የሚባል ነገር አልነበረም። እማዬም አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ሸተተሽ ወይ አልኳት።

«ዝም ብለሽ ሥሪ» አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ዛሬ ሱቁ በመርጫና በክሬም ተሞልቷል፤ ስልክ ስንከፍት መጀመሪያ ማርጠብ፣ ቀጥሎ ማለስለስ፣ መጨረሻ ዘይት የሚሉን ሴቶች ብዙ ናቸው። ልክ ናቸው። ያኔ ግን ይህን የምንማረው ጉልበት መሀል ተቀምጠን፣ ጆሯችን እየተያዘ ነበር፤ የሚያስተምረን ሰውም ሽታ ነበረው። ያ ሽታ ቅዳሜ መጥቶ ሄደ። ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ እማዬ ግን ሻሹን አጥባ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች።

እናንተም ሲቀላ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ኑ፤ ተልባው ከእኛ፣ ማበጠሪያ ከእናንተ። ሩቅ ከሆናችሁ ደግሞ እዚያው ያለችውን አስቀምጧት፤ እናትም ትሁን እህት፣ ፀጉሯን አርጥቡላት። ዘይቱንም በዚያው ቀን፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ቀቧት።