የመቶ ፒስተን

ወንድሜን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ሰው ሁሉ «ተይው፣ ወንድምሽ አይደል?» ይለኛል። ወንድሜ በመሆኑ ነው የባሰብኝ።

ቆቦ ዳር ከአባታችን የወረስነው መሬት አለን፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። የውኃ ፓምፓችን ግን አንድ ነው። ባለፈው በጋ ሽንኩርቱ ራስ ሊቋጥር ሲል ሞተሩ ዘይት እየበላ ጭስ ብቻ ሆነ። መካኒኩ ፈታውና ሲሊንደሩ ተበልቷል አለን። የተበላ ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፤ ከዚያ በልኩ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባለታል። ልኩ ሃያ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሰባ አምስት እያለ መቶ ላይ ያበቃል። የእኛ ገና ተነክቶ አያውቅም። መካኒኩም «ሃያ አምስት ይበቃዋል» አለ። ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ ይሰፋል ማለት ነው።

ወንድሜ ሲሊንደሩ ያለበትን የሞተሩን ብሎክ ይዞ ወልዲያ ሲሄድ ባጃጁ ድረስ ተከትዬ፣ «ሃያ አምስት ከሌለ ጠብቅ እንጂ ሌላ እንዳትነካ» አልኩት። «እሺ እቴ» አለኝ። ወላሂ፣ እሺ ነው ያለኝ።

በማግስቱ በመቶ አስፍቶ መጣ። ለካ ፒስተን ሻጩ ሃያ አምስቱ ከነገ ወዲያ ይገባል ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ «ወልዲያ ሄዶ ባዶ እጁን መጣ ከሚሉኝ» ብሎ ያን ሁሉ ደህና ብረት አስፍቆ አረፈው። ይባስ ብሎ «ትልቅ ፒስተን ጉልበት አለው» እያለ ሊያስተምረኝ ቃጣው። «ድስት ስለሰፋ ወጥ ይበዛል?» አልኩት።

መካኒኩ ገጥሞ ሲጨርስ፣ ፒስተኑ እስኪላመድ ሞተሩ በቀስታ፣ እያረፈ ይሥራ ብሎ አስጠነቀቀን። ወንድሜ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ለምሳ ቤት ስገባ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሽንኩርቱ ጠውልጎ ምን ላድርግ ነው መልሱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ነከሰውና ሞተሩ ቀጥ አለ።

ሲፈታ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። ወንድሜ አጎንብሶ አየና፣ «እንግዲህ ትንሽ ይሰፋና የሚቀጥለው ቁጥር ይገባለታላ» አለ። መካኒኩ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ሽንኩርቱ ሌላ ብሎክ እስኪመጣ አልጠበቀንም። ሲደርቅ ፍየሎቼን ለቀቅኩበት። ከእሱ ማሳ ነው ያስጀመርኳቸው።