በጋሽ አለሙ ማሳ ላይ የተገኘው ውሃ

የምጽፈው ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው። ሁለት ጊዜ ልናገር ብዬ ሄጄ፣ ሁለቴም ሌላ ኃጢአት አውርቼ ተመለስኩ።

ከሸኮ ወረድ ብላ ባለችው ቀበሌያችን፣ ከወንዝ ጠልፈን በእጃችን በቆፈርነው ቦይ በጋውን እናለማ ነበር። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉን የውሃ አባታችን ጋሽ አለሙ ነበሩ። እኛው መርጠናቸው፣ ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም ይዳኙን ነበር። የራሳቸውን ማሳ የሚያጠጡት ሁላችንም ካጠጣን በኋላ ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ያለ ተራው ማሳው ላይ ውሃ የተገኘበት ይጠየቃል፣ ምክንያት አይሰማም።

አንድ በጋ ፍልፈል የቦዩን ጠርዝ ሰርስሮ ውሃው ቲማቲሜ ውስጥ ገባ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። «ልጄ፣ እኔስ አምንሃለሁ። ግን ያንተን ፍልፈል ከተቀበልኩ ነገ ሰው ሁሉ ፍልፈል ይኖረዋል» አሉና ተራዬን ዘለሉኝ። ቲማቲሜ በአበባው ጠወለገ።

ንዴቴ እዚያው ቢበርድ ምን ነበረበት? ቀበሌ ሄጄ «ሽማግሌው ውሃውን ለራሳቸው አደረጉት» ብዬ ከሰስኩ። ማንም አልገፋፋኝም፣ እኔው ከሰስኩ። የመስኖ ባለሙያው ለማጣራት የሚመጣበትን ቀን ነገረኝ። የገበያ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ገበያ እንደወጣ ዶማዬን ይዤ ወረድኩና ቦዩን ወደ ጋሽ አለሙ የቡና ችግኝ ከፈትኩት። በእነዚህ እጆቼ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ሲደርስ ማሳቸው ያለ ተራው ረጥቦ ነበር፤ ሰውም ከገበያ እየተመለሰ ተሰበሰበ። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም። «አባቴ፣ ሌላ ሰው ከፍቶት ይሆን?» ብሎ ጠየቃቸው። ከሰዉ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

ጋሽ አለሙ ችግኛቸውን ትንሽ አዩት። «ውሃው የተገኘበት ይጠየቃል» አሉ። «የሰው ምክንያት አልሰማም ብዬ ስፈርድ ኖሬ፣ የራሴን አላቀርብም።» ዶማቸውን ቦዩ ዳር አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያኔ አፌን ምን ያዘው? አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ውሃው ለቀበሌው ተሰጠ። የብረት መዝጊያ ተሠራለት፣ ቁልፉ ቢሮ ገባ። ቁልፍ ያዡ ለስብሰባ ሚዛን ከተማ ከሄደ ማሳችን እስኪመለስ ይጠብቀዋል። ቦዩ በደለል ሲሞላም «የመንግሥት ነው» እየተባለ ጠራጊ ጠፋ። ጎረቤቶቼ መንግሥትን ያማሉ። እኔም አብሬ አማሁ፣ ያለ ሃፍረት። የጠራሁት እኔ አይደለሁም?

ጋሽ አለሙ ባለፈው በጋ አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጎረቤቴ «ደግ ሰው ነበሩ፣ ያቺ የውሃዋ ነገር ባትኖር» አለ። ልጃቸው አጠገባችን ነበረች፤ ሰምታ አንገቷን ደፋች። እኔ ንፍሮዬን እያኘክሁ ዝም አልኩ። ከቦዩ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይሄኛው ዝምታ ነው።

የቲማቲሜን ነገር ያነሳሁት እንድታዝኑልኝ ከመሰላችሁ እርሱት። እሳቸው ምክንያት አላቀረቡም፣ እኔም አላቀርብም። ቦዩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጃቸው ትስማ።